አሜሪካ ላላችሁ የማተሚያና የማሸጊያ ባለቤቶች፦ በሰርተፊኬት ማመልከቻ ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ካርቶን፣ ሌብልና ብሮሸር ሲያሳትሙ ከአናሳ ማኅበረሰብ ወይም ከሴት ባለቤቶች ለመግዛት፣ ድርጅቱ በእርግጥ የእነሱ መሆኑን የሚያሳይ ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ። ጎበዝ ማተሚያ ቤቶች በጥቃቅን ነገር ሲወድቁ ማየት ያንገበግባል።

50 በ50 መካፈል። ባልና ሚስት ድርጅት ሲያቋቁሙ እኩል መካፈል የተለመደ ነው። መስፈርቱ ግን የሴቷ ወይም የአናሳው ድርሻ ቢያንስ 51 በመቶ ይሁን ይላል። ሚስት ሥራውን ብቻዋን ብትመራው እንኳ በእኩል ድርሻ አያልፍም።

ድርሻውን አስተካክሎ ደንቡን መርሳት። ይሄኛው የባሰ ነው። ከኢንተርኔት የተቀዳ መተዳደሪያ ደንብ ብዙ ጊዜ «ዋና ዋና ውሳኔዎች በሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት» የሚል መስመር አለበት። በዚህ መስመር 49 በመቶ ያለው ሰው ሁሉን ማገድ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቷ ድርጅቱን አትቆጣጠርም ይባላል። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ደንቡን በጠበቃ አስነብቡ። የባንክ ፈራሚው ማን እንደሆነም እዩ።

ለጉብኝቱ አለመዘጋጀት። ሰርተፊኬት ሰጪው ተቋም የሚልከው ገምጋሚ ድርጅቱ ድረስ መጥቶ ባለቤት የሆነችውን ሴት ይጠይቃል። ለአንድ ሺህ ሣጥን ዋጋ እንዴት ታወጫለሽ? ወረቀት ከማን ትገዣለሽ? ቀለሙ ተበላሽቶ ሥራው ቢመለስ ማን ይወስናል? በየጥያቄው ወደ ባሏ ከዞረች ፋይሉ ተበላሸ። መልስ ማስጠናት አይረዳም። ዋጋ ማውጣቱንም ግዢውንም በእውነት እሷ ትሥራው።

ተቋማቱን ማምታታት። በ1972 የተመሠረተው ብሔራዊ የአናሳ አቅራቢዎች ልማት ምክር ቤት የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ለሴቶች የሚሰጠው፣ በተለምዶ ዊባንክ (WBENC) የሚባለው ምክር ቤት ግን ቋሚ ነዋሪንም ይቀበላል። የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር ለሴት ባለቤቶች የሚሰጠው ሰርተፊኬት ደግሞ ማመልከቻው በነፃ ነው፤ ለሱ «የማመልከቻ ክፍያ» የሚጠይቃችሁን ሰው እለፉት።

የተሳሳተ የሥራ ኮድ። ገዢዎች አቅራቢ የሚፈልጉት የሥራ ዘርፍን በሚለይ ኮድ (NAICS) ነው። 323111 የንግድ ኅትመት ነው፣ 322212 የሚታጠፍ ካርቶን፣ 322211 ውስጡ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው ካርቶን። ማሽን ሳይኖራችሁ ትእዛዝ ተቀብላችሁ ሌላ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ አምራች ነን አትበሉ። ደላላነቱን በግልጽ ጻፉት።

ተቀብሎ መቀመጥ። ሁለቱም ምክር ቤቶች በየዓመቱ እድሳት ይጠይቃሉ። ሥራም በራሱ አይመጣም። የግዢ ሰው ፈልጋችሁ ናሙና፣ ዋጋና በሳምንት ስንት ሣጥን እንደምታወጡ ይዛችሁ ሂዱ።