ለሥራና ለግል የኢሜይል ፕሮግራም ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ስህተት መልእክቱ የት እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ ፕሮግራም መጫን ነው። ፖፕ3 በተባለው የኢሜይል መቀበያ አሠራር የተዘጋጀ አካውንት መልእክቱን ከሰርቨር (ከአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር) ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ያወርዳል፤ ቅጂው ሰርቨሩ ላይ እንዲቆይ ካልታዘዘም ከዚያ ያጠፋዋል። አይማፕ የተባለው ሌላው አሠራር ግን ዋናውን ሰርቨሩ ላይ ስለሚተው፣ በቢሮ ኮምፒውተርም ሆነ በስልክ የሚታየው ያው ነው። በአንድ ንግድ ቤት መብራት ሄዶ ሲመለስ የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። አካውንቷ በፖፕ3 የተዘጋጀ ስለነበር በብራውዘር ገብተን ስናይ የገቢ ሳጥኑ ባዶ ነበር፤ ከአቅራቢዎች ጋር የተላላኩት ፕሮፎርማና የክፍያ ማስረጃ ሁሉ ከዲስኩ ጋር ጠፍቷል። ይህን ዓይነት ጉዳት ደጋግሜ በማየቴ አጥብቄ እለምናለሁ፤ አካውንት ሲያስገቡ ፕሮግራሙ ያቀረበልዎትን ዝም ብለው አይቀበሉ፤ አይማፕ መሆኑን፣ ፖርቱም (ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበት የመግቢያ ቁጥር) 993 መሆኑን በዓይንዎ አይተው ይለፉ። የሰርቨሩ ቦታ ጠቦ ፖፕ3 ግድ ከሆነብዎት ደግሞ መልእክቶቹን በየጊዜው በሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ።

አምራቹ የተወውን ፕሮግራም ስለለመዱት ብቻ አይያዙ። ለምሳሌ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው የዊንዶውስ ሜይል ፕሮግራም ድጋፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አብቅቷል።

ጀማሪዎችን በከንቱ የሚያደክማቸው የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። ጂሜይል ተራውን የይለፍ ቃል ከቆዩ ፕሮግራሞች መቀበል አቁሟል፤ ጀማሪዎቹ ግን የይለፍ ቃሉን የረሱት መስሏቸው ደጋግመው ይቀይሩታል። የጉግልን የመግቢያ ገጽ ራሱ የሚከፍት ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም አዲስ ስሪት፣ ቢመርጡ ይህ ሁሉ ድካም አይኖርም።

ነጻ የተባለው ሁሉ ለሥራ ነጻ አይደለም። ኢኤም ክላየንት የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ነጻ ፈቃድ ለግል አገልግሎት ብቻ ነው። አዲሱ አውትሉክም (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) የጂሜይልንና የሌሎች አካውንቶችን መልእክት ቅጂ በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ የደንበኛ ምስጢር የሚይዝ መሥሪያ ቤት ይህን መፍቀድ አለመፍቀዱን አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የሥራንና የግልን አካውንት በአንድ መስኮት መደባለቅ ደግሞ ለአለቃ የታሰበውን ደብዳቤ ከግል አድራሻ ያስልካል። ተንደርበርድ ለእያንዳንዱ የተለየ ፕሮፋይል (የራሱ አካውንትና መልእክት ያለው ክፍል) እንዲከፍቱ ይፈቅዳል፤ ይህን የመጀመሪያው ቀን ላይ ያድርጉት፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ አንድ በአንድ መለየት ብዙ ጊዜ ይወስዳል።