ማይንክራፍት 1.21 ላይ የሠራሁት ሉት ቴብል አልነበብ ሲል

ታናሽ ወንድሜ ጠይቆኝ የጀመርኩት ነው። ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ የጃቫ (የኮምፒውተር) እትም ላይ ጠጠር ሲቆፈር ባልጩት የሚወጣው በ10 በመቶ ዕድል ነው፤ ሁልጊዜ እንዲወጣ ፈለግን። ዳታፓክ (የጨዋታውን ሕግ የሚቀይር የፋይሎች ጥቅል) ሠርቼ፣ ሉት ቴብል (ብሎክ ሲሰበር ምን እንደሚወጣ የሚወስን፣ በጄሰን የጽሑፍ ቅርጸት የሚጻፍ ፋይል) አስገብቼበት፣ ጨዋታው እንደገና እንዲያነበው ሪሎድ አልኩ። ምንም ስህተት የለም፤ ጠጠሩ ግን ያው ጠጠር።

ሦስት ምሽት ሄደብኝ፤ አንዱን የበላው መብራት ነው፣ ሐዋሳ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የጄሰን ፋይሉን ኮማና ቅንፍ አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ ንጹሕ ነው። አዲስ ዓለም ከፈትኩ፤ ለውጥ የለም። ፓክ ፎርማቱን፣ ማለትም ዳታፓኩ ለየትኛው ቨርዥን እንደተሠራ የሚናገረውን ቁጥር፣ ከ26 ወደ 48 ስቀይር ‹ለሌላ ቨርዥን የተሠራ ነው› የሚለው ማስጠንቀቂያ ጠፋ፤ አለቀ ብዬ ቡና ሁሉ አፈላሁ፤ አሁንም ጠጠር። በጣም ያታለለኝ የዳታፓክ ዝርዝሩ ነው፤ ፓኩ እንደበራ ያሳያል። ፓኩ መከፈቱን እንጂ ውስጡ ያለው ፋይል መነበቡን አይናገርም።

ለካ ጉዱ አንዲት ፊደል ናት። እስከ 1.20.6 ሉት ቴብል የሚቀመጥበት አቃፊ ስም ‹ሉት ቴብልስ› ነበር፤ ከ1.21 ጀምሮ የመጨረሻዋ ኤስ ተነስታ ‹ሉት ቴብል› ሆኗል። በሁለቱ ቃላት መሃል ያለችው የግርጌ ሰረዝ አትነካም። ውስጡ ያለው ‹ብሎክስ› አቃፊም ኤሱን እንደያዘ ይቀራል፤ እኔ ተሽቀዳድሜ እሱንም ቆርጬ ሌላ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ። መልሼ ሪሎድ አልኩ፣ አካፋ አነሳሁ፣ ባልጩት ዘነበ።

‹ሬሲፒስ› እና ‹አድቫንስመንትስ› አቃፊዎችም በዚያው ቨርዥን ኤሳቸውን አጥተዋል። ሙከራውን ደግሞ ሰርቫይቫል (ተራው የጨዋታ ሁኔታ) ላይ አድርጉት፤ ክሪኤቲቭ (ሁሉም ነገር በነፃ የሚገኝበት ሁኔታ) ላይ ብሎክ ሲሰበር ምንም አይጥልም።