የፒስታ ብስክሌት በሰሜን ሸዋ መንገድ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር ወይም በመንዝ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚነዳ ሰው በአንድ ጉዞ አስፋልትም፣ ፒስታም፣ ዋልካም ሊገጥመው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ የሚሆን ብስክሌት ሙሉ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል አነስተኛ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) ከአንድ ቦታ፣ ቸርኬውን ከሌላ ቦታ፣ ማርሹን ደግሞ ከተፈታ ያገለገለ ብስክሌት እያሰባሰብን እንገጣጥማለን። በዚህ ሥራ ደጋግሜ ያየሁት፣ መንገድ ላይ እንደ ብልሽት የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ሲመረጥ አብሮ የተገዛ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነሥቼ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤውም ወደ ምርጫው እመለሳለሁ፤ ለዳገቱና ለቁልቁለቱ ሰፊ ቦታ የሰጠሁትም የአገራችን አቀማመጥ ስለሚያስገድድ ነው።

ቀላሉ ማርሽ ገብቶም ዳገቱ አልገፋ ሲል

ነጂው መጨረሻው ማርሽ ላይ ሆኖ ሳለ ከኮርቻው ተነሥቶ መርገጥ ይጀምራል። ፒስታ ላይ ሲሆን ደግሞ ከኮርቻው ሲነሣ ክብደቱ ከኋላው ጎማ ላይ ስለሚቀንስ ጎማው ጠጠሩን ሳይቆነጥጥ ባዶውን ይዞራል፤ ማታ ላይም ጉልበቱን ያመዋል። ብዙ ሰው ይህን የአቅም ማነስ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማርሹ ጥርስ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በ622 ቸርኬ (የጎማው መቀመጫ ዲያሜትሩ 622 ሚሊ ሜትር በሆነ) ላይ ሲገጠም አንድ ዙር ዞሮ 2.2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ጥርስ ባለው የኮርሳ (የእሽቅድምድም ብስክሌት) ማርሽ ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢዞር ብስክሌቱ በሰዓት 9.6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ነጂው ከዚያ ባነሰ ፍጥነት የሚወጣ ከሆነ እግሩ በዝግታና በከባዱ እየረገጠ ነው ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ የሚጀምርበት ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ዕቃ የጫነ ሰው ረጅም ዳገት በሰዓት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቢወጣ በቂ ነው። በዚያው የእግር ፍጥነት ከፊት 34፣ ከኋላ 42 ጥርስ 6.4 ኪሎ ሜትር፣ ከፊት 32፣ ከኋላ 46 ጥርስ ደግሞ 5.5 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። እንግዲህ ለእኛ መንገድ የፊተኛው ትንሹ ጥርስ ከኋለኛው ትልቁ ጥርስ በግልጽ ማነስ አለበት።

ካሴቱን (ከኋላው ቸርኬ መሐል የተደረደሩትን ባለ ጥርስ ክቦች) ከመለወጥ በፊት የፊተኛውን ጥርስ ማሳነስ ወጪው ይቀንሳል፤ ለምሳሌ 40 የነበረውን ወደ 34 ማውረድ ብቻውን ዳገቱን በ15 በመቶ ያቀልላል። ካሴቱ የግድ የሚለወጥ ከሆነ ግን የኋላው ማርሽ ቀያሪ የሚሸከመው ልክ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል። ልኩ የሚገኘው በካሴቱ ትልቅና ትንሽ ጥርስ መካከል ያለውን ልዩነት፣ በፊተኞቹ ጥርሶች መካከል ካለው ልዩነት ጋር በመደመር ነው፦ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ ከ11 እስከ 34 ከሆነ 16 እና 23 ተደምረው 39 ይሆናሉ። ቀያሪው ይህን የማይችል ከሆነ በትናንሾቹ ጥርሶች ላይ ሰንሰለቱ ይንጠለጠላል፣ ወይም በትልልቆቹ ላይ ተወጥሮ ቀያሪውን ይሰብረዋል። የሰንሰለቱን ርዝመት ለመለካት በቀያሪው ሳያሳልፉ በፊትና በኋላ ትልልቅ ጥርሶች ላይ ጠምጥሞ፣ ከሚገናኝበት ላይ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቀለበት መጨመር ይበቃል።

ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ወይስ ሁለት የሚለውን በተመለከተ፣ እኔ ለፒስታ አንዱን እመርጣለሁ። የፊት ማርሽ ቀያሪ በክረምት ጭቃ ተሞልቶ የሚቆም ዕቃ ነው፤ ጥርሶቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየሆኑ የተሠሩት የፊት ጥርስ ደግሞ ሰንሰለቱን በጠጠር ላይ እንኳ አይለቅም።

ማርሹ ተስተካክሎም ሲዘል

እዚህ ላይ ሦስት የሚመሳሰሉ ምልክቶች አሉ፤ ካልተለዩ ጊዜ ያባክናሉ። ማርሹ ወደ ትናንሾቹ ጥርሶች ሲወርድ የሚዘገይ ከሆነ ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል ወይም አቧራ ይዟል፤ ሽቦውንና ሽፋኑን አብሮ መለወጥ ነው። በትናንሾቹ ጥርሶች ላይ ደህና ሆኖ በትልልቆቹ ላይ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቀያሪው የተንጠለጠለበት ጆሮ ተጣሟል፤ ይህ ሳይቃና ቢነዳ ቀያሪው ራጂ ውስጥ ገብቶ ቸርኬውን ሊያወድም ስለሚችል አስቸኳይ ነው። በአንድ ጫፍ ልክ ሆኖ ወደ ሌላው ጫፍ በሄደ ቁጥር ስሕተቱ እየሰፋ የሚመጣ ከሆነ ግን ምንም ነገር አልተበላሸም፤ የማርሽ እጀታውና ቀያሪው እርስ በርስ አይስማሙም።

ይህን ሦስተኛውን የተማርኩት ለአንድ መምህር ብስክሌት ስገጥም ሁለት ቀን ሙሉ ስታገል ነው። የኮርሳ እጀታው ባለ 10 (ከኋላ አሥር ማርሽ ላለው የተሠራ) ነበር፣ የተራራ ቀያሪውም ባለ 10 ነበር፣ ሁለቱም ሺማኖ የተባለው ፋብሪካ ሥራ ነበሩ፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ይስማማሉ ብዬ ነበር። እውነቱ ግን እጀታው በአንድ ምት የሚስበው ሽቦ ለዚያ ቀያሪ አይበቃም። በአብዛኛው የሺማኖ የኮርሳና የተራራ ዕቃዎች እስከ ባለ 9 ድረስ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ከባለ 10 ጀምሮ ግን ተለያይተዋል። የኮርሳው ቲያግራ 4700 ደግሞ ባለ 10 ሆኖ ሳለ የባለ 11 ኮርሳን ልክ ስለሚከተል ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መፍትሔው ባለ 9 የተራራ ቀያሪን ከቀድሞው ባለ 10 የኮርሳ እጀታና ከባለ 10 ካሴት ጋር መግጠም ነው። የመምህሩን ብስክሌት ያዳነውም ይኸው ያገለገለ ባለ 9 ቀያሪ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲደክም

ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከ1,700 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይቀነሳል። ነጂው ከነብስክሌቱና ከነዕቃው 90 ኪሎ ግራም ቢመዝን በዚህ መውረድ የሚለቀቀው ጉልበት 1.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ ይህም 4 ሊትር ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው መጎተት ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ የሚገባው ወደ ፍሬኑ ነው። ቸርኬውን በሚጨብጥ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ራሱ ስለሚግል፣ የካርቦን ቸርኬ ለዚህ መንገድ በፍጹም አልመክርም። ለዲስክ ፍሬን ደግሞ ቴላዮውና ፎርኬታው ከመጀመሪያው የዲስክ ጆሮ (የፍሬኑ ማሰሪያ) ያላቸው ሆነው መመረጥ አለባቸው፤ በኋላ የሚበየድ ጆሮ ላይ ሕይወትን መጣል አይገባም።

ምልክቶቹ በሚከተለው መንገድ ይለያያሉ። እጀታው እየላላ እስከ መሪው ድረስ ከመጣና ቆሞ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ፣ በዘይት የሚሠራው ፍሬን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፈልቷል። እጀታው ጠንካራ ሆኖ ብስክሌቱ ግን የማይቆም ከሆነ የፍሬን ሸራው ተቃጥሎ መስታወት መስሏል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። በሽቦ በሚሠራው ፍሬን እጀታው እየላላ ሄዶ ሲቀዘቅዝ የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ሸራው ሳስቷል፤ ማስተካከያውን በማዞር ሸራውን ወደ ዲስኩ ማስጠጋት ይቻላል፤ ፈጽሞ ያለቀ ከሆነ ግን መለወጥ ግድ ነው።

ፈሳሹን በሚመለከት ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሺማኖ ፍሬኖች የሚጠቀሙት የማዕድን ዘይት ነው፤ ስራም የተባለው ፋብሪካ ብዙዎቹ ፍሬኖች ደግሞ እንደ መኪና ዶት የተባለውን ፈሳሽ ይጠቀማሉ። በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኘው የመኪና የፍሬን ዘይት ለማዕድን ዘይት በተሠራ ፍሬን ውስጥ ከገባ ውስጡ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ዶት በበኩሉ ከጊዜ ብዛት እርጥበት እየሳበ በትንሽ ሙቀት የሚፈላ ስለሚሆን፣ ለሁለት ዓመት ያልተለወጠ ፈሳሽ ይዞ ጣርማ በርን መውረድ አይገባም።

ለአካባቢያችን ምርጫዬ ጥሩ ጥራት ያለው በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ነው፤ ሽቦ በየትም ከተማ ይገኛልና። ከፊት 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቢሆን ከ160ው የተሻለ ሙቀት ይበትናል፤ ነገር ግን ፎርኬታው ያን እንዲሸከም የተፈቀደለት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከብረት ብናኝ የተጨመቀ ሸራ ሙቀትን ከሬዚን (ሙጫ መሰሉ) ሸራ በተሻለ ይችላል፤ ሆኖም ዲስኩ ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ የብረቱን ሸራ ከእሱ ጋር ማጋጠም ዲስኩን ይበላዋል። አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ሜዳ ላይ ፍጥነት እየጨመሩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ሃያ ጊዜ ያህል በፍሬኑ ፍጥነት መቀነስ ሸራውንና ዲስኩን ያስማማል።

ሁለት የአገጣጠም ስሕተቶችም አሉ። አንደኛው ለማርሽ የተሠራውን የሽቦ ሽፋን ለፍሬን መጠቀም ነው፤ የማርሽ ሽፋን ክሮቹ በቁመት የተዘረጉ በመሆናቸው በፍሬን ጉተታ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህም ፍሬኑን በአንዴ ያጠፋዋል። ሁለተኛው የኮርሳ የፍሬን እጀታን ለተራራ ከተሠራ ፍሬን ጋር ማጣመር ነው፤ እጀታው የሚስበው ሽቦ ስለሚያጥር ሸራው ዲስኩን ሳይጨብጥ እጀታው መሪው ላይ ይደርሳል። ሲገዛ ፍሬኑ ለኮርሳ እጀታ የተሠራ መሆኑን መጠየቅ ይበቃል።

ጎማው ሲፈነዳና ጎማው ሳይገባ ሲቀር

ካላማዳሪያው የተበሳበት ቦታ መንስኤውን ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከታየ ነፋሱ አንሶ ድንጋይ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦታል። አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ ሳይነቀል አዲስ ካላማዳሪያ ማስገባት ድካምን መድገም ነው። ወደ ራጂ በኩል ከሆነ የቸርኬው የውስጥ ቀበቶ ሸሽቷል። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከፊት 38፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ቢጀምር፣ ከዚያም መንገዱን እያየ አንድ ሁለት ፒኤስአይ ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ጥሩ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሞቃት አየር ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ከፍታው ግፊቱን ከ2 ፒኤስአይ በላይ ይጨምረዋል፤ ብርዱ ግን ያንኑ ያህል ስለሚመልሰው እንደገና መንፋት አያስፈልግም።

ካላማዳሪያ የሌለው፣ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራው ጎማ የግራር እሾህ ለሚበዛበት ቆላ ተመራጭ ነው፤ ነገር ግን ፈሳሹ በወራት ውስጥ ስለሚደርቅ ማሸጊያውን በአስተማማኝ የማያገኝ ሰው ካላማዳሪያ ቢይዝ ይሻለዋል።

ልኩን በኢንች መግዛት የብዙ ገንዘብ መጥፊያ ነው። 28 ተብሎ የሚሸጠው ጎማ ለድሮው ከባድ ብስክሌት የሆነው 635፣ ወይም ለፒስታው የሆነው 622 ሊሆን ይችላል፤ 26 የተባለውም 559 ወይም 590 ሊሆን ይችላል። እነዚህ እርስ በርስ በፍጹም አይገቡም። በጎማው ጎን ላይ እንደ 40-622 ተጽፎ የሚገኘው ቁጥር ብቻ ነው የሚታመነው።

ክረምት ላይ ጎማው ዋልካ ይዞ ሲቆም

ጎማውና ቴላዮው መካከል ያለው ክፍተት በደረቅ ወራት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ለዋልካ ግን ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አይረዳም፤ ጭቃው ጠጠር ይዞ የቴላዮውን ቀለም ሲፍቅ፣ ቀጭን ካርቦን ከሆነ ደግሞ አካሉን ሲበላ አይቻለሁ። ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከ622 ወደ 584 ቸርኬ ሊለወጥ ይችላል፤ ቸርኬው በራዲየስ 19 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ ወፍራም ጎማ ይገባል፤ ጭቃው የሚጠብበት ግን ከጎን በኩል ስለሆነ ከመግዛቱ በፊት የፎርኬታውና የኋላ ክንዶቹ ስፋት መለካት አለበት።

እጅ ሲደነዝዝና አንገት ሲያም

የተራራ ቴላዮ ላይ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈው የኮርሳ መሪ ሲገጠም ይህ ይከሰታል። የተራራ ቴላዮ በተፈጥሮው ረጅም ነው፤ የኮርሳ መሪ ደግሞ እጅን ተጨማሪ 70 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ያወጣዋል። መሪውን የሚይዘውን አንገት ማሳጠር የተወሰነ ርዳታ ይሰጣል፤ እውነተኛው መፍትሔ ግን በመጀመሪያ አንድ ቁጥር አነስ ያለ ቴላዮ መምረጥ ነው። ኮርቻውን ወደ ፊት በመግፋት ማካካስ ጉልበትን ይጎዳል።

ፔዳል ሲረገጥ ሲንቋቋ

ድምፁ ከፔዳሉ ዘንግ የመጣ ቢመስልም መጀመሪያ ፔዳሎቹ፣ የፊት ጥርሱ ብሎኖችና የኮርቻው ምሰሶ ተፈትተው፣ ጸድተውና ግራሶ ተቀብተው መመለስ አለባቸው። ድምፁ ካልጠፋ የዘንጉ ኩሽኔታ ይታያል። በጠመዝማዛ የሚገባ የኩሽኔታ መቀመጫ ያለውን ቴላዮ የምመርጠው በመዶሻ የሚገባው ጭቃና ውኃ ባለበት ቶሎ ስለሚንቋቋ ነው። ስፋቱ 68 ሚሊ ሜትር በሆነው የእንግሊዝ መቀመጫ የቀኙ ጎን ጥርስ ግራ ዞር ነው፣ ማለትም የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ 70 ሚሊ ሜትር የሆነው የጣሊያኑ ግን በሁለቱም ጎን እንደ ተለመደው ብሎን ይፈታል። ይህን ሳይለኩ ቁልፍ ማስገባት የቴላዮውን ጥርስ ገፍፎ ቴላዮውን ራሱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከመፍቻው በፊት ሜትር ይውጣ።