የወንዝ ዳር ለቀማ እንዴት ይሠራል? ባሕር ለሌለን ሰዎች

ክረምቱ ወጥቶ አቃቂ ወንዝ ሲጎድል ማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ስወርድ የሚያዩኝ ልጆች «ቁራሌው!» ይሉኛል። አይከፋኝም። ሥራው ያው ነው፤ ሰው የጣለውን፣ ውሃ ያመጣውን ማንሳት። ቁራሌው ያነሳውን ምናለሽ ተራ ወስዶ ይሸጣል። እኔ ደግሞ ቤት ወስጄ ከባለቤቴ ጋር እጨቃጨቅበታለሁ።

ባሕር ያላቸው አገሮች ይህን ነገር የምር አድርገው ይዘውታል። ማዕበል ወደ ዳርቻ የተፋውን የሚለቅሙና የሚያጠኑ ሰዎች አሏቸው። ስሙ በብዛት የሚነሳው አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ከርቲስ ኤብስማየር ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1990 አንዲት የጭነት መርከብ ፓስፊክ ላይ ማዕበል መታት፤ ከ60,000 በላይ የናይኪ ጫማ የያዙ ኮንቴይነሮች ባሕር ገቡ። ከወራት በኋላ ጫማዎቹ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ብቅ ብቅ አሉ። ለቃሚዎቹ ተሰብስበው ቀኙን ከግራው እያጣመሩ ይለዋወጡ ጀመር። ኤብስማየር ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነበር፦ የት አገኛችሁት? መቼ? ጫማዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ከየትኛው ጭነት እንደወደቁ ይናገራል። የወደቁበትና የተገኙበት ከታወቀ፣ ባሕሩ በምን ያህል ፍጥነት ወዴት እንደሚሄድ ይሰላል።

በጃንዋሪ 1992 ደግሞ 28,800 የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ ቢጫ ዳክዬዎችና ጓደኞቻቸው፣ እዚያው ፓስፊክ ውስጥ ወደቁ። በኖቬምበር አላስካ ደረሱ። ያገኛቸው ሰው «ዳክዬ አገኘሁ» ብሎ ለልጁ ሰጥቶ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቀኑና ቦታው ስለተመዘገበ ነው የባሕር ካርታ የሆነው።

ይህን ይዘን ወደ አቃቂ እንውረድ።

1. ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ እወቁ

እንጦጦ እንደ ቤት ጣሪያ ነው፤ ዝናቡን ወደ ሁለት ጎን ይከፍለዋል። ከእንጦጦ ወዲህ የዘነበው ወደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ የዘነበው ግን በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ግድቦቹ ባይኖሩ አንድ የሱሉልታ ፌስታል ሜዲትራኒያን ድረስ መንገድ አለው። የቃሊቲው የለውም። አዋሽ ባሕር የሚባል አያይም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል።

ለለቃሚ ይህ ጥሩ ዜና ነው። አቃቂ ዳር የምታገኙት ነገር ከቻይና ተንሳፍፎ አልመጣም። ወይ እዚያው የተጣለ ነው፣ ወይ ከላይ ካሉት ሰፈሮች የወረደ ነው። የመጣበትን መንገድ በእግር ልትከተሉት ትችላላችሁ።

2. ጊዜውን ምረጡ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ጎርፉ አዲስ ነገር አምጥቶ ዘርግፏል፣ ውሃውም ሸሽቷል፣ ሣሩ ገና አልሸፈነውም። ከቀኑ ደግሞ ጠዋት ወይም ፀሐይ ስታዘነብል ይሻላል። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ተራመዱ። ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ከጠጠሩ መሃል ይበራል።

በክረምት አትሂዱ። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፤ ደራሽ ውሃ አያስጠነቅቅም።

3. ለብሳችሁ ሂዱ

እውነቱን እንነጋገር፤ አቃቂ ቆሻሻ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል። ስለዚህ ቦት ጫማ፣ ወፍራም ጓንት፣ መቆስቆሻ ዱላ፣ ሳሙናና አንድ ሃይላንድ ንጹህ ውሃ ያዙ። ውሃው ውስጥ አትግቡ፤ ለቀማው ደረቁ ዳር ላይ ነው። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ቀን ይሁን። ሳትታጠቡ ቆሎ እንኳ አትቆርጥሙ። ብቻችሁን አትሂዱ።

ዳሩ የሰው ማሳ ነው። ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። «እንዴት ዋሉ አባባ፣ በዚህ ማለፍ ይቻላል?» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ገብቼ የቆስጣ መደብ ረግጫለሁ። የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

4. እግራችሁን የት እንደምታሳርፉ

የባሕር ለቃሚዎች ማዕበሉ ከፍ ብሎ የደረሰበትን መስመር ተከትለው ነው የሚሄዱት። ወንዝም እንዲህ ያለ መስመር አለው። ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታልና ጭራሮ እዩ፤ ጎርፉ የደረሰው እስከዚያ ነው። ቀላል ነገር ሁሉ እዚያ ይቀራል።

ከባዱን ለማግኘት ወንዙ የሚታጠፍበትን ፈልጉ። በውጭው በኩል ውሃው ይፈጥናል፣ ገደሉን ይበላል። በውስጠኛው በኩል ይዝላል፣ የተሸከመውንም ይጥላል። ጠጠርና አሸዋ የተከመረው እዚያ ነው። ብርጭቆና ድንጋይ ከፈለጋችሁ ግማሽ ቀናችሁን አንድ መታጠፊያ ላይ ብታሳልፉ አይከፋም። ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባም እዩ። ሌላውን ዝም ብላችሁ እለፉት።

5. ምን ይገኛል?

በብዛት የጠርሙስ ስባሪ። ቡናማው ብዙውን ጊዜ ቢራ ነው። በባሕር ዳርቻ የሚገኘው የብርጭቆ ስባሪ ለዓመታት አሸዋ እየፈተገው፣ ጨዋማው ውሃም ገጹን እየበላው ጭጋግ የመሰለ ልባስ ያወጣል። የወንዙ እንደዚያ አይደነግዝም፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ገጹ ግን ብዙ ጊዜ እንደጠራ ይቀራል። አንገቱን ካገኛችሁ የስፌት መስመሩን፣ ማለትም ሻጋታው ጎኑ ላይ የተወውን ቀጭን መስመር፣ ተከተሉ። መስመሩ እስከ አፉ ጫፍ ከሄደ ሙሉ በሙሉ ማሽን የሠራው ነው። አንገቱ ላይ ከጠፋ አፉ በእጅ የተጠናቀቀ፣ የቆየ ጠርሙስ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ውስጥ የአየር አረፋ ካለም ልብ በሉ፤ እሱም የቆየ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል።

ከዚያ ቆርኪ፣ ብይ፣ የጀበና አንገት፣ የሸክላ ገል። ብይ ሳገኝ ደስታዬ የሕፃን ነው፤ ምክንያቱን አላውቅም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ድንጋይ ካያችሁ ብሎኬት ሠሪዎች ቀይ አሽ የሚሉት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ወንድሙ ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1883 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፈነዳው ክራካታው የወጣው ፑሚስ የህንድ ውቅያኖስን ተንሳፍፎ አፍሪካ ዳርቻ ደርሷል።

ባልጩት ግን ለብቻው ይወራ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የተፈጥሮ መስታወት ነው፤ ላቫ ክሪስታል ሳይሠራ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር። ከጥቁር ጠርሙስ ጋር ይምታታል። ወደ ብርሃን ያዙት፦ ጠርሙስ ከሆነ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ያሳያል፣ ውፍረቱም እኩል ነው። ባልጩት ቀጭኑ ጠርዙ ላይ ጭስ የመሰለ ግራጫ ነው። ጠርዙን በጣት አትሞክሩት። ከምላጭ ይስላል። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሰው የጠረበው ባልጩት ምልክት አለው። የተመታበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት፣ ከዚያ ኩሬ ውስጥ ጠጠር እንደተጣለ ዓይነት ሞገድ፣ ጠርዙ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ፍልጦች። ግን አትቸኩሉ። ወንዝ ያንከባለለውና ከብት የረገጠውም ይፈለጣል። ባለሙያዎችም በአንድ ድንጋይ አይፈርዱም።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን አንድ ቅዳሜ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዛችሁ የጥንት ሰው መሣሪያ ወደሚገኝበት ወደ መልካ ቁንጡሬ ሂዱ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሙዚየም አለው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጄራርድ ደከር የሚባል ሆላንዳዊ ነው። የውሃ ባለሙያ ነበር፤ ድንጋይ ፈላጊ አልነበረም። አዋሽ የቆረጠው ገደል ላይ ነው የጥንት ሰው መሣሪያ ያየው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን መራ። እዚያ ሰዎች በባልጩት መጠቀም ከጀመሩ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል። የ700,000 ዓመት የእግር ዱካም ተገኝቷል፤ የሕፃናት ጭምር። ባልጩቱ የሚወጣበት ሰፈር በቅርብ ርቀት ነው፣ ስሙም ባልጪት ይባላል። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

6. የማይነሳውን አታንሱ

መልካ ቁንጡሬ ላይ አንዲት ጠጠር አታንሱ። ሌላ ቦታም ቢሆን የተጠረበ ድንጋይ፣ ወደ ድንጋይ የተለወጠ አጥንት፣ የጥንት የሚመስል ሸክላ ካያችሁ ባለበት ይቆይ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ሳያስበው ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ መፈለግና መቆፈርም ክልክል ነው። ፎቶ አንሱና ለቅርስ ባለስልጣን ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ።

ሕጉ ባይኖርም ምክንያቱ በቂ ነው። መሣሪያው ዕድሜው የሚታወቀው በተቀበረበት ንብርብርና ከሥሩና ከላዩ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ስትነቅሉት ድንጋዩ እጃችሁ ይገባል፣ ዕድሜው ገደሉ ላይ ይቀራል። ጫማውን አንስቶ ቁጥሩን እንደ መፋቅ ነው።

ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ብረት፣ ወይም የሰው አጥንት ካያችሁ ራቁና ለፖሊስ ደውሉ።

7. ሳታነሱ መዝግቡ

ጎንበስ ከማለታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። መጀመሪያ ዕቃው እንዳለ፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አስቀምጣችሁ። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ወንዙና መታጠፊያው የሚታይበት ሁለተኛ ፎቶ። የጎግል ማፕን ነጥብ አስቀምጡ። ደብተር ላይ ቀን፣ ቦታ፣ ከውሃው በስንት እርምጃ፣ ጎርፉ መስመር ላይ ነው ወይስ ጠጠሩ ላይ።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ይህን አላደረግሁም። ከአርባ በላይ ቁራጭ ያለበት የጫማ ካርቶን አለኝ፤ አንዱም ከየት እንደመጣ አላስታውስም። መጣል አልቻልኩም፣ ለማንም ግን ምንም አይነግርም።

8. ቤት ሲደርስ

ከምግብ ዕቃ በተለየ ባልዲ፣ ጓንት ሳታወልቁ፣ በሳሙና እጠቡ። በረኪና በተጨመረበት ውሃ ዘፍዝፋችሁ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ገል ግን ውሃ ስለሚጠጣ በረኪና አይንካው፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ።

እያንዳንዱን በትንሽ ላስቲክ ከወረቀት ጋር አስቀምጡ። ወረቀቱ ላይ የደብተሩ ቁጥር ይኑር። ጠርዘ ስለታሙን በጋዜጣ ጠቅልሉት። ቡናማና አረንጓዴው ስባሪ በማር ብልቃጥ ሆኖ መስኮት ላይ ሲቀመጥ ያምራል ይላሉ። እኛ ቤት ግን ሳሎን አይገባም፤ በረንዳ ላይ ነው።