የአሮጌ ቤት ወለልና ዞኮሎ ክፍተት እንዴት ይደፈናል?

የጣውላ ወለል በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። ግድግዳው ሥር የተተወው ክፍተትም ለዚሁ ነው። በሲሚንቶ ወይም በጂፕሰም ከጠቀጠቃችሁት ሐምሌ ላይ ጣውላው መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ መደፈኛው የሚለጠጥ ይሁን። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ክፍተቱ በጣም ሲሰፋ ቢሠራ ጥሩ ነው።

ክፍተቱን ለማግኘት ነፋስ ባለበት ቀን በርና መስኮት ዝጉና የሚጨስ ዕጣን ይዛችሁ ዞኮሎውን (ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የተመታውን ጠባብ ጣውላ) ተከተሉ። ጭሱ የተጣመመበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በጽዳት ነው። ለዓመታት ሰም የተቀባ ወለል ላይ ሲልከን (ከቱቦ የሚወጣው የሚለጠጥ መደፈኛ) አይዝም፤ በወሩ እንደ ላስቲክ ተልጦ ይነሳል። አቧራውን በቢላ ጫፍና በብሩሽ አውጡ፣ ሰሙን በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ጥረጉ፣ እስኪደርቅም ጠብቁ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ።

ከ1 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ክፍተት ውስጥ መጀመሪያ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ ክተቱ፤ ከክፍተቱ ትንሽ ወፈር ይበል። ሲልከኑ ከታችም ከተጣበቀ እንደልቡ መለጠጥ አቅቶት ይቀደዳል። የአይጥ መንገድ ከሆነ የማይዝግ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቁበት፤ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል፣ ስፖንጅ ደግሞ ትበላለች።

በዞኮሎውና በወለሉ መካከል ውሃ ስለሚነካው ሲልከን ይግባ። ቀለም የሚቀባው የዞኮሎው የላይ ጠርዝ ግን አክሪሊክ የሚባለውን መደፈኛ ይፈልጋል፤ ሲልከን ቀለም አይቀበልም። ሱቅ ውስጥ ሁለቱንም ሲልከን ስለሚሏቸው የቱቦውን ጽሑፍ አንብቡ። 280 ሚሊ ሊትር ቱቦ 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ላለው ክፍተት 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። 4 በ4 ለሆነ ክፍል ሁለት ቱቦ ግዙ። አፉን ሰያፍ ቁረጡ፣ ግራና ቀኙን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ሳታቋርጡ አፍስሱ። ሳይደርቅ በእርጥብ ጣት አለስልሱና ፕላስተሩን ወዲያው አንሱ።

ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት ለማይነቃነቅ የፓርኬ ስንጥቅ፣ ያውም ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነው ብቻ ነው። በረዥም ጣውላዎች መካከል ይሰነጠቃል፤ እዚያ ቀጭን እንጨት ቀርጻችሁ በአንድ ጎኑ ብቻ ኮላ ቀቡና አስገቡ።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ከዞኮሎው ጀርባ ሲሚንቶ አይግባ፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አይሠራምና ተገንጥሎ ይወድቃል። ግድግዳውን አርጥቡና በጭድ ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ለስኑበት።

ከወለሉ ሥር በውጭ በኩል ያለውን የአየር ቀዳዳ በፍጹም አትድፈኑት። ብርዱ ቢመጣ እንኳ የሽቦ ወንፊት ብቻ ምቱበት፤ ከታፈነ ወለሉን የተሸከመው እንጨት፣ ሞራሌው፣ ይበሰብሳል።