ክሪፕቶ ከመግዛታችሁ በፊት ታክስ የሚሠራላችሁን ስሙ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክስ እሠራለሁ። ድሮ ደብሊው-ቱ (የደመወዝ ፎርም) ብቻ ይዘው ይመጡ የነበሩ ልጆች አሁን ስልካቸውን ያወጡና "ይቺንስ ምን ላድርጋት?" ይሉኛል። ክሪፕቷን፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ያለውን ዲጂታል ገንዘብ ነው። ሁሉም የሚመጡት ከገዙ በኋላ ነው። እስቲ ዛሬ ሳትገዙ እናውራ።

በመጀመሪያ፣ ክሬዲት ካርድ ላይ ከመቶ 25 ወለድ የሚቆጥር ዕዳ ካለባችሁ እሱን ዝጉ። ይህን ያህል ትርፍ በእርግጠኝነት የሚሰጥ ኮይን የለም። የቤት ኪራይም እዚህ ውስጥ አይገባም። ቢትኮይን በኖቬምበር 2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ 16 ሺህ አካባቢ ወረደ። በኋላ ተመልሶ ወጥቷል፣ ግን የኪራይ ገንዘቡን ያስገባ ሰው መቼ ይጠብቃል? በርካሹ ሸጦ ይወጣል።

አካውንቱን እንደ ኮይንቤዝ ወይም ክራከን ባለ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚሠራ ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ክፈቱ። መንጃ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ ይጠይቃሉ። አትደንግጡ፤ ይልቅ የማይጠይቃችሁን ፍሩ። ስማችሁን መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቡ። የእኛ ሰው የአባትና የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ሌላ ነው፤ ባንክ ለማገናኘት ስትሞክሩ ራስ ምታት ይሆናል። ከዚያ ገንዘብ ሳታስገቡ ከፓስዎርዱ ሌላ የሚጠየቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫ በኦተንቲኬተር አፕ (ስልካችሁ ላይ ኮድ የሚያወጣ አፕ) አድርጉት። በቴክስት የሚመጣ ኮድ ደካማ ነው። ሌባ ስልክ ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም ካዞረው ኮዱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ኢሜይላችሁንም እንደዚሁ ቆልፉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ 50 ዶላር ይበቃል። ሙሉ ቢትኮይን ካልገዛሁ የሚል አሁንም አለ። አንድ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ነው፤ ዋጋው 100 ሺህ ዶላር በሆነ ቀን በ50 ዶላር 50 ሺህ ሳቶሺ ይደርሳችኋል። ክፍያው ከባንክ አካውንት ይሁን፣ በካርድ ሲሆን ኮሚሽኑ ይበዛል። በባንክ የተገዛውን ለጥቂት ቀናት ወደ ሌላ ቦታ ላያስልኳችሁ ይችላሉ፤ ተበላሁ ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ። ኮይንቤዝ ላይ ትልቁን የመግዣ ቁልፍ ትታችሁ አድቫንስድ የሚለውን ፈልጉ። አካውንቱ ያው ነው፣ ኮሚሽኑ ግን ይቀንሳል።

ምን ልግዛ ላላችሁት፣ ለጀማሪ ቢትኮይን። ቲክቶክ ላይ የውሻ ኮይን የሚያሻሽጠው ልጅ ቀድሞ ገዝቶ ነው፣ የሚሸጠውም ለእናንተ ነው። ዋጋው ሲወርድ እገዛለሁ ብላችሁም ስልክ ላይ አትፍጠጡ። እንደ ዕቁብ ቀን ቁረጡለት፤ ወጣም ወረደም ያንኑ ያህል አስገቡ።

ኤክስቼንጅ ባንክ አይደለም። ባንክ ሲወድቅ ኤፍዲአይሲ የሚባለው የመንግሥት መድን እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሸፍናል፣ ለክሪፕቶ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ በኖቬምበር 2022 ሲወድቅ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ለማግኘት ዓመታት ጠበቁ። መቶ ሁለት መቶ ዶላር እዚያው ቢቀመጥ አልከራከርም። ጠርቀም ሲል ግን ክሪፕቷችሁን በራሳችሁ እጅ የምትይዙባቸውን፣ ሌጀር ወይም ትሬዞር የሚባሉትን መሣሪያዎች ከአምራቹ ግዙ። ስትከፍቱት ከ12 እስከ 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣችኋል። ገንዘቡ ማለት እነዚያ ቃላት ናቸው። ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጻፏቸው። ፎቶ አታንሱ፤ ሳታውቁት ክላውድ ላይ ይወጣል። "ከካስተመር ሰፖርት ነው የምደውለው" ብሎ ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ስታዘዋውሩ ትንሽ ልካችሁ መድረሱን እዩ፣ ከዚያ ቀሪውን። የተሳሳተ አድራሻ ከሄደ "ማናጀር ጥራልኝ" የለም።

አሁን ወደ እኔ ሥራ እንምጣ። የዓመቱ የታክስ ፎርም፣ 1040፣ ገና አናቱ ላይ ስለ ዲጂታል አሴት ይጠይቃል፤ ክሪፕቶም እዚያ ውስጥ ነው። በዶላር ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ ከያዛችሁ መልሱ "ኖ" ነው። ከሸጣችሁ "የስ"። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢትኮይኑን በሌላ ኮይን፣ ለምሳሌ በኢቴሪየም፣ ሲቀይር ነው። ያም መሸጥ ነው። "ዶላር እኮ እጄ አልገባም!" ይሉኛል። በ500 ዶላር የገዛችሁት 800 ሆኖ በሌላ ኮይን ከቀየራችሁት፣ ለአይአርኤስ (ለታክስ መሥሪያ ቤቱ) 300 ዶላር አትርፋችኋል። ከዓመት በላይ ይዛችሁት ከሆነ ታክሱ ዝቅ ይላል፤ ካልሞላው እንደ ደመወዝ ይታሰባል። ከከሰራችሁም አትደብቁኝ። ኪሳራው መጀመሪያ ከትርፋችሁ ይቀነሳል፣ ከዚያ የተረፈው በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከሌላ ገቢያችሁ ላይ ይነሳላችኋል።

ከ2025 ሽያጭ ጀምሮ ኤክስቼንጆች 1099-ዲኤ የሚባል ፎርም ያወጣሉ። የ2025ቱ ላይ የሸጣችሁበትን እንጂ የገዛችሁበትን ዋጋ የመጻፍ ግዴታ አልነበረባቸውም። ኮይኑን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ካዘዋወራችሁ ደግሞ የገዛችሁበት ዋጋ አብሮት ላይጓዝ ይችላል። ያኔ ማስረጃ ከሌላችሁ ቅድም ያልነው 800 ዶላር በሙሉ ትርፍ መስሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ በገዛችሁ ዕለት ቀኑን፣ መጠኑን፣ የከፈላችሁትንና ኮሚሽኑን ጎግል ሺት ላይ አስፍሩ። ኮሚሽኑ የመግዣ ዋጋችሁ ላይ ይደመራል፤ እሱን የሚጽፍ ደንበኛ ግን ብርቅ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ላክልኝ ካለ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. (ጁን 2022) በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን እንዳስታወቀ ንገሩት። መዘዙ የሚመጣው እዚያ ባለው ላይ ነው።

ጋዝ ስቴሽን ውስጥ በረዶ ማቀዝቀዣው አጠገብ ከሚቆመው የቢትኮይን ማሽን አትግዙ፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 በላይ ይቆርጣል። እዚያ የምትሠሩም አላችሁ። አንድ ትልቅ ሰው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው መቶ መቶ ዶላር ሲያስገቡ ካያችሁ "ማን ነው የደወለልዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። አይአርኤስም ሆነ ባንክ በዚያ ማሽን ክፈሉ አይልም።