የካፌይንን ማስ ስፔክትረም ደረጃ በደረጃ እንዴት እናነባለን?

ማስ ስፔክትረም የአንድን ንጥረ ነገር ሞለኪውሎችና ስብርባሪዎቻቸውን በክብደታቸው ለይቶ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ግራ ቢጋባ አይገርምም። የቆሙ መስመሮች አሉ፣ ከሥራቸው ቁጥሮች፣ በቃ። ማንበቡ ግን መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በየቀኑ ከቡናችን ጋር በምንጠጣው ካፌይን እንሞክረው።

በቅድሚያ ማሽኑ ውስጥ የሆነውን እንወቅ። ናሙናው ተኖ አየር ወደሌለበት ክፍል ይገባል። አየር ቢኖር ኖሮ ሞለኪውሎቹ መንገድ ላይ እየተጋጩ ይቀራሉ፤ ለዚህ ነው ፓምፖቹ ያለ እረፍት የሚሠሩት። ከዚያ 70 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው የኤሌክትሮን ጨረር ይመታዋል። ከሞለኪውሉ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ይነቀላል፤ የቀረው ፖዘቲቭ አዮን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጣት፣ ይሆናል። አሁን በኤሌክትሪክ ሊገፋ፣ በማግኔት ሊታጠፍ ይችላል።

አውድማ ላይ እህል በላይዳ ሲበተን አይታችኋል? ነፋሱ ገለባውን አርቆ ይወስደዋል፣ ፍሬው እዚያው ይወድቃል። ማግኔቱም እንዲሁ ነው፦ እኩል ቻርጅና እኩል ጉልበት ካላቸው አዮኖች ቀላሉ አብዝቶ ይታጠፋል፣ ከባዱ እምብዛም። ዛሬ ብዙዎቹ ማሽኖች በማግኔት ፋንታ አራት የብረት ዘንጎች ይጠቀማሉ። የሚለዩት ግን ያንኑ ነው፤ ማስ (ክብደት) ለቻርጅ ሲካፈል። እዚህ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለተነቀለ ቻርጁ 1 ነው፤ ስለዚህ ከመስመሮቹ ሥር ያለው ቁጥር ክብደቱ ራሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ወደ ቀኝ ጫፍ ሂዱ። እዚያ 194 ላይ ረጅም መስመር ታገኛላችሁ። ሳይሰበር የተረፈው ሙሉው ሞለኪውል እሱ ነው። ደምሩት (በቅንፍ ያለው የአተሞቹ ክብደት ነው)፦ ካፌይን 8 ካርቦን (96)፣ 10 ሃይድሮጅን (10)፣ 4 ናይትሮጅን (56) እና 2 ኦክሲጅን (32) አለው። ልክ 194።

ደረጃ 2፦ አጠገቡ ባለችው ትንሽ መስመር እንዳትሸወዱ። 195 ላይ ያለችው ቁመቷ የ194ን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ሌላ ንጥረ ነገር አይደለችም። ከ100 የካርቦን አተሞች አንዱ ገደማ ካርቦን 13፣ ማለትም ከተለመደው ካርቦን 12 በ1 የሚከብድ፣ ስለሆነ፣ እሱን የያዙ ሞለኪውሎች በ1 ይከብዳሉ። ይህ ነገር ቀልድ አይደለም፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1913 የኒዮን ጋዝ አዮኖችን በማግኔትና በኤሌክትሪክ ሲያጥፍ፣ ከ20 ሌላ 22 ላይም ምልክት አገኘ። ሬዲዮአክቲቭ ያልሆነ ንጥረ ነገርም የተለያየ ክብደት ያላቸው አተሞች ሊኖሩት እንደሚችል መታየት የጀመረው እንዲህ ነው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ፎቶ ላይ ከታየች አንዲት ደብዛዛ መስመር ነው የተነሳው።

ደረጃ 3፦ ቀንሱ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። 70 ኤሌክትሮን ቮልት ሞለኪውሉን ለመስበር ይበቃል፣ ይተርፋልም፤ አሰባበሩ ግን በዘፈቀደ አይደለም። ከካፌይን ቀለበት መጀመሪያ 57 የሚመዝን ቁራጭ ይወጣል፤ ሜቲል አይሶሳያኔት ይባላል። 137 ይቀራል። ከዚያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲወጣ (28) 109 ላይ እንደርሳለን፤ ይህ ጎላ ያለ መስመር ነው። ከ109 ላይ 27 የሚመዝነው ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሲቀነስ ደግሞ 82።

ደረጃ 4፦ ክብደቱ ብቻ አይብቃችሁ። ካካዎ ውስጥ ያለው ቲዮብሮሚንና ለአስም መድኃኒትነት የሚያገለግለው ቲዮፊሊን ሁለቱም 180 ናቸው። አተሞቻቸውም በቁጥር አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት አንድ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ቁራጭ) በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ቀኝ ጫፉን ብቻ ያየ ሰው አይለያቸውም። ስብርባሪውን እዩ፦ ቲዮብሮሚን መጀመሪያ 43 ጥሎ ወደ 137፣ ከዚያ ወደ 109 ይወርዳል። ቲዮፊሊን 57 ጥሎ ወደ 123፣ ከዚያ ወደ 95። ስለዚህ 180 ካያችሁ ዓይናችሁን ወደ ግራ መልሱና 109 ነው ወይስ 95 ጎልቶ የቆመው ብላችሁ ፈልጉ።